የፈረቃ አለቃው እጅ

«ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ጆሮዬ ደህና ነው» ይላሉ ዳኛዋ።

ምስክሩ፣ የፈረቃችን አለቃ፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታውንም የሚጠይቀው እየጮኸ ነው። አይፈረድበትም፤ ዕድሜውን በሽመና ማሽን መሀል የፈጀ ሰው ሹክ ማለት ከየት ይማራል? የኛ ፋብሪካ አዳራሽ ሲንጫጫ ሦስት መንደር ርቆ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። እኔ ጠጋኙ፣ የቆመ ማሽን በግልምጫ የማስነሳው ሰው፣ እዚያ ውስጥ የራሴ ድምፅ ለራሴ አይሰማኝም።

«ደጋግሜ አስጠንቅቄያታለሁ» ይላል አለቃው። «ትእዛዝ አልቀበልም አለች። የተባረረችው ለዚህ ነው።»

ነጭ ውሸት! ከሳሿ ቋጠሮ የተባረረችው የአደጋ መውጫው በር በሰንሰለት ተቆልፎብናል ብላ ለሥራ ተቆጣጣሪዎች ስላመለከተች ነው። አመለከትሽ ብሎ ማባረር ደግሞ በሕግ ክልክል ነው። ይህ ምስክርነት ከጸና ግን ሥራዋ ሄደ፣ የልጆቿም ጉሮሮ ተዘጋ።

ቋጠሮ ያልናት እኛ ነን። የተበጠሰ ክር ቋጥራ ስትቀጥል ከፍጥነቷ የተነሳ ጣቶቿን ያየ የለም። የዝንብ ክንፍ በአየር ላይ የምቆጥረው እኔ እንኳ አላየሁም።

«መስቀለኛ ጥያቄ አለዎት?» ይሏታል ዳኛዋ።

ትነሳለች። ጠበቃ የላትም። አለቃውን ረጋ ብላ ታየዋለች፤ ገና ጀማሪ ሳለ ሥራ ያስለመደችው እሷ ናት። ከዚያ ቃል ሳይወጣት እጇን ታነሳለች። ከንፈሯን በጣቷ ነካ፣ መዳፏን ገልበጥ።

ፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ አፍ ዋጋ ስለሌለው የምናወራው በእጅ ነው። ሐሜቱም፣ ፍቅሩም፣ ስድቡም በእጅ ነው። ያለችው «እንዲህ በል ያለህ ማነው?» ነው።

የአለቃው እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ይነሳል። ሆዱ ላይ ያርፍና ትልቅ ድስት እንደሚያጥብ ሰው በሰፊው ይዞራል።

ይህ ምልክት በኛ ዘንድ የአንድ ሰው ስም ነው። ሥራ አስኪያጁ ከጠበቃቸው ጎን ተቀምጠዋል፤ ሆዳቸው ላይ የኮታቸው ቁልፍ ከክሩ ጋር ትንቅንቅ ይዟል።

የሠራተኛው ወንበር በሳቅ ይፈነዳል። የኔ ሳቅማ ጣሪያውን አንስቶ መለሰው።

«ኧረ ዝም በል አንተ ቀባጣሪ፣ ታስወጣናለህ!» ትለኛለች አጠገቤ ያለችው ክር ፈታይ፣ እሷው እንባዋን እየጠረገች።

«ምን ማለት ነው?» ይላሉ ዳኛዋ። ሁላችንም ልንመልስ እጃችንን እናነሳለን። «ምስክሩን ነው የጠየቅኩት። እጅዎ ምን አለ?»

አለቃው እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየዋል። ሲናገር ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ይላል።

«ሥራ አስኪያጁ በል ብለውኝ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ምንም አላስጠነቀቅኳትም። እሷ… እህቴ ማለት ናት። ትእዛዝ እምቢ ብላም አታውቅም።»

ጠበቃው ዘሎ ይነሳል። ዳኛዋ በዓይናቸው ብቻ መልሰው ያስቀምጡታል። ከዚያ ይናገራሉ፦ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፤ ወደ ሥራዋ ትመለስ።

መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ሌላም አለ፣ ጠበቃ። ሠራተኛ አሠሪው ላይ መሰከረ ተብሎ አይባረርም። እኚህን ሰው ብትነኩ እዚሁ እንገናኛለን። ለደንበኛዎ ያስረዱልኝ።»

እኔ አንበሳ አፍጥጬ ያባረርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጋሻ ግን አይቼ አላውቅም። እንጀራዋን ሊነጥቃት የመጣውን ሰው ጭምር ሸፈነው!

አለቃው ከምስክር ሳጥኑ ይወርዳል። ጠዋት ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ላይ ሥራ አስኪያጁ ቦርሳቸውን አስቀምጠውበታል። ችሎቱ መሀል ተገትሮ ይቀራል።

ቋጠሮ መጥታ እኛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ቀና ብላ ታየውና ወደኔ ትጠጋለች። እኔ ወደ ፈታይዋ፣ ፈታይዋ ወደ ግድግዳው። ጫፉ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ይከፈታል።