ከመስመሩ ውጪ ያለችው ስንዝር

በመኪና መፈተሻው ውስጥ የለኪው ሥራ አንዲት ነበረች። በአዲስ መኪና የፊት ፓራውልት ላይ ግራና ቀኝ፣ ደንቡ እንደሚለው ፓራውልቱ ወደ ጎን መታጠፍ በሚጀምርበት ቦታ፣ ቀይ ፕላስተር ይለጥፋል። በሁለቱ ፕላስተሮች መካከል ሰው ሠራሽ እግር እየተወረወረ ይፈተናል፤ አጥንት የሚሰብር ሆኖ ከተገኘ መኪናው ወደቀ። ከፕላስተሩ ውጪ ያለውን ማንም አይነካውም።

ለኪው በግራ እግሩ ያነክሳል። መሪም አይጨብጥም፤ መኪና ፈቀቅ ማድረግ ካስፈለገ ሌላ ሰው ይለምናል። የእሳት ደወል የጮኸ ዕለት ግን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ከሁሉም ቀድሞ ሜዳው ላይ ተገኘ። ፍርሃት እግር ይፈውሳል ለካ ብለው ሳቁበት።

ጡረታ በሚወጣበት ቀን የመጣችው መኪና አጨቃጨቀች። ሠሪዎቿ ሞኝ አይደሉም፤ ፓራውልቷን ወደ ዳር ቶሎ አጥፈው፣ በደንቡ ስሌት መስመሩ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርገዋል። ጠንካራው ጫፍ ሳይፈተን መንገድ ሊወጣ ነው። ለኪው ፕላስተሩን በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ስንዝር ወደ ውጪ ለጠፈው።

ወጣቷ አለቃ አየችና ደንቡ እንዲህ አይልም ብላ ተከራከረችው። በልቧ ግን ነገሩ ገብቷታል፤ ይህ ሰው ከመኪና ጋር የቆየ ቂም አለው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጫፍ ላይ ማን ይመታል ብለው ነው?»

«ሰው መኪና ስትመጣበት ዝም ብሎ አይቆምም፣ ልጄ። ሊያመልጥ ይሮጣል። አንድ እርምጃ ሲቀረው በዚች ትይዘዋለች» አለና ጫፏን ነካት።

አለቃዋ ደንቡን ስታገላብጥ፣ አጠራጣሪ ሲሆን መስመሩን ማስፋት ይቻላል የሚል አንቀጽ አገኘችና ፈረመች። ሰው ሠራሹ እግር ጫፉ ላይ ተወረወረ። መለኪያው አጥንቱ እንደሚሰበር መሰከረ፤ መኪናዋም ለሠሪዎቿ ተመለሰች።

ከሥራ ሲወጡ የለኪው ሚስት ረጅም ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ትጠብቀው ነበር። እሱ የረሳውን ኮት ሊያመጣ ሲመለስ አለቃዋ ጠጋ አለቻት።

«እማማ፣ ዛሬ ቂማቸውን ተወጥተው ነው የሚሄዱት። ያን ጊዜ መኪናው ክፉኛ ነበር የመታቸው?»

ሴትየዋ ሳቀች። «እሱን? ማን ነካው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእኔ እኩል ልራመድ ሲል ለምዶበት ነው እንጂ» አለችና ግራ ቅልጥሟን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው፤ እንደ እንጨት ጮኸ። «የመታኝን መኪና መሪ የያዘው እሱ ነበር።»