በረኪና የጠላችው ተከራይ

ተከራዮቹ አከራያቸውን በሌሉበት «እትዬ በረኪና» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቆሻሻ ከሚሉኝ በረኪና ይበሉኝ ባይ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ በበረኪና ይወለወላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በየክፍሉ የበረሮ ፍሊት ይነፋል። ሥራው ሁሉ ያለው በአንድ ልጃቸው ጫንቃ ላይ ነው።

ጠቡን የጫረችው የጥግ ክፍሏ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ቦርሳ ልትይዝላት ከተከተለቻት ከአከራይዋ ልጅ ጋር ተመለሰች። ገና ቤቷ ሳትገባ ፍሊቱን አንስታ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። በረኪናውን ደግሞ መጸዳጃ ቤት ደፋችው።

እትዬ በረኪና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ምን ነካሽ አሏት።

«ሐኪሟ ፅንሱ ለወሩ አንሷል አለች። ቤት ውስጥ ምን እንደሚነፋ ጠየቀች። እሱ ብቻ ነው ባልልም፣ እንዲህ በተዘጋ ቤት ሲታፈን እድገቱን ሊጎዳው ይችላልና ይቅር አለች። ከዛሬ ጀምሮ በውሃና በሳሙና ነው።»

አከራይዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ባል የላትም። ሰሞኑን ደግሞ ከስፌት መኪናዋ ላይ ልቅ ቀሚስ ጠፍቶ አያውቅም።

«እኔ እቺን ሳረግዝ በረኪና ሽቶዬ ነበር» አሉ ወደ ልጃቸው እየጠቆሙ። «ይኸው፣ ምን ጎደላት?»

ልጅየዋ አቀረቀረች።

«እድለኛ ነዎት እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በሰው ልጅ ግን ዕጣ አይጣልም።»

ወሬው በአንድ ጀንበር ግቢውን አዳረሰ። እትዬ በረኪናን ያንገበገባቸው ፍሊቱ ብቻ አልነበረም፤ በእሳቸው ጣሪያ ሥር ባል የሌላት ሴት አትወልድም። ቅዳሜ አዲስ ፍሊት ገዝተው ለልጃቸው አስያዙ። ልብስ ሰፊዋ ከልጅየዋ እጅ መንጭቃ ወሰደችው። ጡረተኛው ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ በረሮዎቹ ጠበቃ አቁመዋል ብሎ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም።

አከራይዋ ወይ ፍሊቱ ይነፋል፣ ወይ ክፍሌን ለቀሽ ትወጫለሽ አሉ።

«ክፍሉን እለቃለሁ። ፍሊቱ አይነፋም።»

«የማን እንደሆነ እንኳ አትናገሪም?»

«ሲወለድ መልኩን አይተው ይለዩታል።»

በማግስቱ የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ አስጫነች። ፍሊቱንም አብራ ጫነችው። አንገቷን ሳትደፋ በዋናው በር ወጣች።

እትዬ በረኪና ድል ያደረገ ሰው ፊት ለበሱ። ባልዲ ሙሉ በረኪና በጠበጡና ልጃቸውን ጠርተው፣ የዚያችን ጉደኛ ክፍል ጥግ ጥጉን ሳይቀር አጥበሽ ጠረኗን አጥፊልኝ አሏት።

ልጅየዋ ባልዲውን ተቀበለች። አሻግራ ቦዩ ውስጥ ገለበጠችውና ወደ እናቷ ዞረች።

«አልወለውልም፣ እማዬ። ለወሩ ያነሰው የኔ ልጅ ነው።»