ከሲያትል ስፖኬን... ሀምሳ ደቂቃ

«ምነው... አውሮፕላኑ ተበላሸ እንዴ?»

እማማ ማንአልሞሽ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ ለቀን ሙሉ መንገድ የቋጠሩት ዳቦ ቆሎ አለ... ቋጠሮው ገና አልተፈታም።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ተማሪ ሩሐማ ሳቀች።

«ኧረ ደርሰን ነው እማማ! ስፖኬን እኮ ነው።»

«ቀን ሙሉ አይደለም እንዴ የሚፈጀው?»

«ኖ ኖ! ሀምሳ ደቂቃ። እኔ ቅዳሜ ሲያትል ሄጄ ሰኞ ክላስ እገባለሁ።»

እማማ በሌላው ጎናቸው ወዳለው ልጃቸው ዞሩ።

ዘካሪያስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል...

ጊዜው በፈረንጆቹ 1996 ነው።

ዘካሪያስ እናቱን አሜሪካ ያመጣቸው መንታ ልጆቹን እንዲይዙለት ነበር። እሱ ኤቨረት ከተማ፣ ሚስቱ ቱክዊላ ከተማ ይሠራሉ። እማማ አንድ ቀን ከቤት ቢወጡ ልጆቹን የሚይዝ የለም!

ስለዚህ «ስፖኬን ወስደህ እህትህን እስከዳርን አሳየኝ» ባሉት ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«እማዬ፣ በአውሮፕላን ቀን ሙሉ ነው። ደም ግፊትሽስ?»

ከአዲስ አበባ ሲመጡም ቀንና ሌሊት ነው የበረሩት። ምን ያውቃሉ... አመኑት።

አንድ ቀን ሴት ልጃቸው እስከዳር ደወለች።

«እማዬ... ትንሽ አሞኛል። ነይልኝ።»

«መንገዱ ራቀብኝ ልጄ... አልችለውም።»

እስከዳር ሀምሳ ደቂቃ መሆኑን ታውቃለች። ግን እናት አትሞገትም።

«እሺ እማዬ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

የኛ ሰው ደግሞ መርዶ በስልክ አይናገርም። «እስከዳርን ልናያት ነው» ተብለው ነው አውሮፕላን የተሳፈሩት። ያን ቀን መንገዱ አጠረ!

ገና ከእስከዳር ደጅ ጥቁር የለበሰውን ሰው ሲያዩ ገባቸው።

ያስታመመቻት ጓደኛዋ ሠርካለም ሰው ፊት አላፈረችም።

«እናቴ ጠላችኝ እያለች ነው የሞተችው።»

እማማ ልጃቸውን ብቻ አዩት... ዘካሪያስ አንገቱን ደፋ።

ሲያትል አልተመለሱም። እዛው ስፖኬን፣ በእስከዳር አልጋ እየተኙ ቀሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስልክ ጮኸ።

ዘካሪያስ ነው። በማግስቱ የልብ ቀዶ ጥገና አለው።

«እማዬ... ፈርቻለሁ። ትኬት ቆርጬልሻለሁ፣ ነይልኝ። ሀምሳ ደቂቃ እኮ ነው!»

እማማ የእስከዳር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መንገዱ ራቀብኝ ልጄ... አልችለውም።»

ዘጉት።

ዘካሪያስ ከቀዶ ጥገናው ተረፈ። እናትና ልጅ ግን እማማ እስኪሞቱ ድረስ አልተያዩም።

ወዳጆቼ... ሰውን በውሸት ያራቀ፣ በእውነት ይራቃል!

እኔ በበኩሌ እማማን መውቀስ አቃተኝ። አንዳንዱ «እናት እንዲህ አትጨክንም» ይለኛል... ይበለኛ!

እናንተስ? በእማማ ቦታ ብትሆኑ ያንን ትኬት ይዛችሁ ትሄዱ ነበር ወይስ ስልኩን ትዘጉት ነበር? እስቲ ሳታፍሩ እዚህ ታች ንገሩኝ...