የመፈታት ፍርሃት

ለእሱ የተጠመደው ቦምብ ሚስቱን ከበላበት ቀን ጀምሮ የፌዴራል ዐቃቤ ሕጉ እንቅልፍ አጥቶ ያሳደደው አንድ ሰው ነበር፤ የሕገ ወጥ ጦር መሣሪያ አዘዋዋሪዎች አለቃ ጓንጉል። ዛሬ ጓንጉል በካቴና ታስሮ ከፊቱ ተቀምጧል። ምስክሮቹ ግን በሙሉ ፈርተው ቃላቸውን አጥፈዋል።

«እህሳ፣ በምን ልትከሰኝ ነው?» አለ ጓንጉል እየሳቀ።

«በምንም። ተፈተሃል፤ ሂድ።»

አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ፈታለት። ጓንጉል ኮቱን አራግፎ ወደ በሩ ሲያመራ ዐቃቤ ሕጉ ቀና እንኳን ሳይል፣ «ትናንት መጋዘንህን ሰብረን ሰዎችህን ለቅመናቸዋል። ያመለጡት ከግቢው ማዶ ቆመዋል። ማን እንደጠቆመ ግራ ገብቷቸዋል፤ አሁን አንተ ብቻ ተፈተህ ስትወጣ ያዩሃል» አለው።

የጓንጉል እጅ የበሩ እጀታ ላይ ደርቆ ቀረ። ተመልሶ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ ቃሌን ይጻፉልኝ» አለ። «ሚስትዎን ያስገደልኩ እኔ ነኝ።»