የሻይ ሳጥኑ ቁልፍ

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ሻይ ሊያፈሉ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው የሻይ ቅጠል ሳጥኑን ከፈቱ። የቤቱ እመቤት የምትይዘው ቁልፉ ከተዳሩ ጀምሮ ከወገባቸው ወርዶ አያውቅም። ባላቸው ከሞቱ ገና ወራቸው ነበር። ወንድ ልጅ ስላልወለዱ ቤቱም፣ እርሻውም፣ የብር ማንኪያው ሳይቀር ለባላቸው ወንድም ልጅ አልፏል፤ እሱም ትናንት ሙሽራውን ይዞ ገባ።

«ኧረ አክስቴ፣ ምን በወጣዎት!» አለች ሙሽራዋ ኦገስታ ብድግ ብላ። «ከአሁን በኋላማ እንግዳዬ ነዎት። አረፍ ይበሉ፣ እኔ ልቅዳ።» እጇን ዘረጋች። ፈገግታዋ ክፋት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ቁልፉን ፈትተው መዳፏ ላይ አኖሩላትና የእንግሊዟ ሱፎልክ ዝናብ በሚደበድበው መስኮት ሥር፣ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ለእርስዎስ እንዴት ላድርግልዎ? ወተት ይግባበት?»

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ለሻይ ከሚመጡት እንግዶች ቄሱ ስኳር እንደሚያበዙ፣ ሐኪሙ ቀጠን ያለ እንደሚወዱ ያውቁ ነበር። እሳቸውን ግን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ለሰው ሲቀዱ ኖረው ከማንቆርቆሪያው የተረፈውን ነበር የሚጠጡት። ልጅቷ ማንኪያውን እንደያዘች ትጠብቃለች።

«ወፈር ይበልልኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወተትም አይግባበት።»

ፉት ሲሉት መረራቸው። ለካ ያዘዙት ለባላቸው ሲቀዱ የኖሩትን ሻይ ነበር።