የተመለሰው ክፍያ

ኤባ በዚህ ሰዓት በሕይወት አለ?

ሮሪሳ ጥያቄውን ዋጠው። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው የነቢዩ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ከሚስቱ ከጋዲሴ ጋር ተቀምጧል። ልጃቸውን ኤባን ሊቢያ ውስጥ ያገቱት ሰዎች በቢትኮይን ካልሆነ አንቀበልም ስላሉ፣ የኮዬ ፈጬ ቤታቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለነቢዩ አምጥተዋል። ነቢዩ ከጠዋት ለአጋቾቹ ልኮላቸው ነበር፤ እስካሁን ግን አልደረሰም።

ጥፋቱ የሮሪሳ ነው። ለማስተላለፊያ ስንት እንክፈል ሲባል፣ ዕድሜውን በከብት ገበያ ደላላነት የፈጀ ሰው ነውና፣ ትንሹ ይበቃል አለ።

«መናኸሪያ እንደተሰለፈ ሰው ይቁጠሩት» አለ ነቢዩ። «ብዙ የከፈለ ቀድሞ ይሳፈራል። የእርስዎ ገና አልተሳፈረም። ክፍያውን ጨምሬ ላስቀድመው እችላለሁ።»

«ካልተሳፈረ ከሰልፉ ማውጣትስ ይቻላል?» አለ ሮሪሳ።

ነቢዩ አንገቱን አከከ። ይቻላል፤ በትልቅ ክፍያ ወደ ራሳችን መልሰን ከላክነው የፊተኛው ይሰረዛል፤ ግን ሰዎቹም ስልካቸው ላይ እያዩት ነው፣ መጥፋቱን ያውቃሉ አለ።

ጋዲሴ የልጇን ድምፅ ከሰማች ሦስት ቀን አልፏታል። የሚልኩላት ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶ ደግሞ መቼ እንደተነሳ ማን ያውቃል። ድምፁን ሳልሰማ ቤቴን አልሰጥም ስትል ነው ያረፈደችው።

ሮሪሳ ገበያ ያውቃል። ገዢ ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ሻጭ ይጠራዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ ሳይጠሩት የቀሩበት ቀን የለም።

«አውጣው፤ ገንዘቡን ከፈለጉ ድምፁን ያሰሙናል» አለ።

«ጋሽ ሮሪሳ፣ እነዚህ እኮ በሬ ሻጮች አይደሉም።»

«አውጣው አልኩህ።»

ነቢዩ ታዘዘ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዚያ አዲሱ ጸድቋል፣ የፊተኛው ተሰርዟል፣ ከእንግዲህ መቀልበስ የለም ብሎ ስልኩን አሳያቸው። ሮሪሳን ቀለል አለው፤ ፈገግ ሁሉ አለ።

የጋዲሴ ስልክ ጮኸ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ተልኮ ኔትወርክ ሲጎትተው የቆየ የድምፅ መልእክት ነው። በሁለት እጇ ይዛ ከፈተችው።

«እማዬ፣ ገንዘቡ መላኩን አዩ። ገመዱን ፈቱልኝ፣ ውሃም ሰጡኝ። ልክ ሲገባልን መኪና ላይ እንጭንሃለን ብለውኛል። አባዬን አመስግኚልኝ።»

ጋዲሴ ባሏን አላየችውም። መልእክቱን ከመጀመሪያው ደግማ ከፈተችው።

ሮሪሳ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና አሁኑኑ ላከው፣ በትልቁ ላከው አለ። ነቢዩ ላከ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገባላቸው። ሮሪሳ ስልኩን ከሚስቱ እጅ ወስዶ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ለአጋቾቹ ራሱ ጻፈ፦

«ሙሉውን ልከናል። ያስመለስኩት እኔ ነኝ፣ ልጁ ምንም አያውቅም።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየ። መልስ አልመጣም፤ በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም።