ሸራው ለገላን፣ ብረቱ ለአራብሳ

«ፋሚሊ» ትላለች ኩልሱም፣ የልጇን መጽሐፍ ከዓይኗ አርቃ ይዛ። «አንድ ነው ብዙ?»

«እንደ ሁኔታው ነው እማዬ» ትላለች ሪሐና። ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት። «ማለቴ፣ አንድ ላይ አንድ ነገር ሲሠሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በየፊናቸው ከሆኑ ደግሞ እንደ ብዙ። ቲምም፣ ኮሚቴም እንደዛው ነው፣ በቃ።»

ኩልሱም ግራ ይገባታል። ዛሬ እንኳን የእንግሊዝኛው፣ የአማርኛውም አልገባት ብሏል። የተቀመጡት ካዛንቺስ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ አባል ገላን፣ ግማሹ አራብሳ ገብቷል፤ እድሩም ንብረቱን ሊካፈል ተሰብስቧል። ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳን ጥለው፣ አብረዋት መሬት ላይ አድረው ያጽናኗት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አሁን እሷ ገላን፣ ግማሾቹ አራብሳ። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይደርስላታል?

ድስቱና ሳህኑ ያለ ጭቅጭቅ ተከፋፈለ። ድንኳኑ ጋ ሲደረስ ግን ሰው መንጫጫት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ጋሽ አጽብሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያለን ድንኳን አንድ ነው። ሸራው ለገላን፣ ብረቱ ለአራብሳ።»

«ብረት ብቻውን ምን ይሠራልናል ጋሼ?» አለ የኩልሱም የግድግዳ ጎረቤት የነበረው ጉተማ። «ልብስ ልናሰጣበት ነው?»

«እኩል አይደለም ወይ?»

«እኩልስ እኩል ነው።»

«እንግዲያው ጫኑ።»

ሰውየው ጃጁ እንዴ፣ አለች ኩልሱም በሆዷ። አላስችላት ብሎ ጠጋ አለች። «ጋሽ አጽብሃ፣ ያለ ብረት ሸራው በምን ይቆማል? ለቅሶ የደረሰብን ቀንስ?»

«ትደውላላችኋ። ብረቱን ይዘው ይመጣሉ። እነሱ ላይ ሲደርስ ደግሞ እናንተ ሸራውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።» ይህን ብለው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ።

ኩልሱም ወደ መኪናው ዞረች። ብረቱን የጫነው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቷል፤ ጉተማ ከላይ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ሙሉ ግድግዳ እየደበደቡ ሲጠራሩ ኖረው፣ ስልክ ቁጥሩን አታውቀውም።

መጽሐፉን ለሪሐና አስታቅፋ ወደ መኪናው ሮጠች። ጉተማ ከላይ ሆኖ ቁጥሩን ይነግራታል፤ እሷም እየደጋገመች ትመዘግባለች። ስም የሚለው ላይ ስትደርስ ትንሽ አሰበችና «ጉተማ ብረት» ብላ ጻፈች።